ባለዘርፏ ቤቴ የገባች ሰሞን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ልጄን በሁለት እግሯ ቆማ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ «ደህና ዋይ እማዬ» ብላኝ ስትወጣ ነው የሰጠኋቸው። ዛሬ የመለሱልኝ አንድ የመስታወት ሣጥን ነው። ውሃ የሞላበት።

ይሄ ያስቃል ወይስ ያስለቅሳል? ልጄ ሆስፒታል ከተኛች ገና ሳምንቷ ነው። የምትሠራበት የባሕር ምርምር ተቋም ግን ጠረጴዛዋን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። ሣጥኑን ያመጣው አብሯት የሚሠራው ልጅ ነው። በቁመቱ የተነሣ ሁሉም «ረጅሙ» ይሉታል። እውነትም በሬን ጎንበስ ብሎ ነው ያለፈው። ከሾፌሩ ጋር ተሸክመው፣ እያለከለኩ ደረጃውን ወጥተው፣ የስፌት ክፍሌ ውስጥ አስቀመጡት። የደንበኞቼን መጋረጃ የምዘረጋበት ቦታ ላይ!

«ማን ፈቀደልህ?» አልኩት።

«እሷ ናት እማማ። ኃላፊው እንግዳ መቀበያው አዳራሽ አስገቡት ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ እናቴ ቤት ውሰድልኝ አለችኝ።»

እማማ! ጥርሴ ረግፏል እንዴ?

ውስጡ ያለው አንድ ድንጋይ፣ አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ የተለጠፈ አበባ ነው። ይሄ ሁሉ ለአበባ ነው። ልጄ እግሯን ያጣችው ለአበባ ነው።

«ያጣችው» ብዬ ጻፍኩ። አላጣችም። ሐኪሟ ያለችኝ «ጊዜ ስጪው» ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አበባ አይደለም። እንስሳ ነው።

«አኔሞኒ ትባላለች። የባሕር አበባ የሚሏት ለመልኳ ነው» አለችኝ ልጄ። ትራሷን ተደግፋ ነበር፤ ከወገቧ በታች ያለው አካሏ ግን የሌላ ሰው ይመስል ዝም ብሎ ተዘርግቷል።

«ዓይን አላት?»

«የላትም።»

«ልብ እንኳ?»

«ልብም አንጎልም የላትም። ያላት አንድ አፍ ነው። የምትበላውም በሱ፣ የተረፋትን የምትተፋውም በዚያው በሱ።»

«እንደ ኃላፊሽ በይኛ!»

ሳቀች። ከተኛች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ግን እግሯ አልተነቃነቀም። እኔም መስኮት ልክፈት ብዬ ተነሣሁ።

ከዚያ ማስተማር ጀመረች። መብራቷን ጠዋት አብሪ፣ ማታ አጥፊ። ሽሪምፕ ቆራርጠሽ በመቆንጠጫ ስጫት። ውሃው ሲጎድል ሙይው። «እንዳትሞትብኝ እማዬ።»

ልጅ አስተኝቼ የእንስሳ ሞግዚት ልሁን? «እሺ» አልኳት።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አልክድም፣ ታምራለች።

ግንዷ እንደ ወይን ጠጅ ከፈይ ነው። ከላይ ዘርፏ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ የልጅ ጣት ያህላል፣ ጫፉ ላይ ሐምራዊ ጠብታ አለው። ነፋስ በሌለበት ይወዛወዛል። ዕድሜዬን ሙሉ መጋረጃና ዘርፍ ስሰፋ ኖሬ እንዲህ አምሮ የሚወርድ ጨርቅ አላየሁም። ስሟ ምላሴን ስለሚያሰናክለኝ ባለዘርፏ ብያታለሁ።

ግን ተንኮለኛ ናት። ሽሪምፑን ሳቀርብላት ያ ሁሉ ዘርፍ ባንዴ ተሰብስቦ ያዘው፣ እያሳለፈ እያቀበለ ወደ መሃል ወደ አፏ ወሰደው። ረጅሙ እንዳስረዳኝ እያንዳንዱ ጣት ላይ ዓይን የማያየው የተጠቀለለ መርፌ አለ፤ የነካትን ተስፈንጥሮ ይወጋል። ዓሣዋ ብቻ መርፌው መሃል ገብታ ትተኛለች። ገላዋን የሸፈነው ልጋግ ከመወጋት ያድናታል አሉ። አንዷ ጠላት ታባርራለች፣ ሌላዋ ትሸሽጋለች።

«ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት» አለኝ ረጅሙ፣ የልጄን ጫማ እያየ። ጫማዋ በር ሥር እንዳወለቀችው አለ። አላነሣሁትም።

ይሄ ልጅ በየቀኑ ይመጣል። ሙቀቱን ይለካል፣ ጨዉን ይለካል። ተቀመጥ ሲሉት «ለባለዘርፏ ነው የመጣሁት» ብሎ ይቆማል። ልጅሽ እንዴት አደረች ብሎ ግን አንድ ቀን አይጠይቀኝም። ልበ ድንጋይ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው።

ኃላፊው ሆስፒታል መጣ። ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፍራፍሬ ይዞ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ። ልጄን «ጀግናችን» አላት። ራስጌዋ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ግን ኮሪደር ላይ ለሐኪሟ ሲያወራ ሰማሁት።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ችኩል ናት። እኛ የፈቀድነው ሁለት ጊዜ እንድትጠልቅ ነው። ሦስተኛውን በራሷ ነው የወረደችው።»

በራሷ! ይቺ ልጅ ትንሽ ሆና መንገድ ስትሻገር ግራ አይታ፣ ቀኝ አይታ፣ እንደገና ግራ አይታ፣ ከዚያ እኔን አይታ ነበር እግሯን የምታነሣው። ችኩሏ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ የሆነውን ልጻፈው፤ ሰው ሁሉ እንደየአፉ እያወራው ነው። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ጠለቀች። ከሦስተኛው ስትወጣ አየሯ እያለቀ ስለነበር ፈጥና ወጣች። ሐኪሟ እንደምትለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚተነፈስ አየር ደም ውስጥ ይሟሟል። ሰው ቀስ ብሎ ካልወጣ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚፍለቀለቀው፣ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሆናል። የልጄ አረፋ አከርካሪዋን መታት። ጀልባው ላይ ወጥታ ስቃለች አሉ። ልነሣ ስትል ነው እግሯ አልታዘዝ ያላት። የብረት በርሜል በሚመስል ክፍል ውስጥ ዘግተው፣ አየር አጭቀው፣ ቀስ እያሉ አወጧት። እኔ ደጅ ቆሜ በትንሿ መስኮት ፀጉሯን ብቻ ነበር የማየው።

ገብቼ የሰማሁትን ነገርኳት።

«እውነት ነው?»

«ተይው እማዬ።»

«ማን ነው የላከሽ?»

«ረጅሙን እንዳታስጨንቂው።»

ስለ ረጅሙ ማን አነሣ?

አሃ። ጀልባው ላይ አብሯት የነበረው እሱ ነው። ያየው እሱ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ ዳዋዋ ደግሞ ለአይጧ ትሟገታለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ሩጫ። የሆቴሉ መጋረጃ ነገ ይፈለጋል። ሆስፒታል። ሽሪምፕ። እህቴ ደወለች። «ያኔ እንዳልሽው ፋርማሲስት ብትሆን ኖሮ ይሄኔ…» አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። እሱን ማለት የምችል እኔ ብቻ ነኝ።

ረጅሙ ዛሬ አልመጣም። ኃላፊው ሩቅ ወደብ ልኮታል፤ የሚመለሰው ወሩ ሲያልቅ ነው። ምስክር የሚሰወረው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ዛሬ ጥቁር ወፍራም መጋረጃ ጣል አደረግኩባት፤ መብራቱንም ነቀልኩት። ያ ሰማያዊ ብርሃን ዓይኔን ሊያጠፋው ነው። ክፍሉ የኔ ነው፣ ሥራ አለብኝ። ምግቧን አላጓደልኩም።

ደግሞስ እሷ እዚህ ቀኑን ሙሉ እየተወዛወዘች፣ ልጄ እዚያ ጀርባዋ እንዳይቆስል በሰው እጅ እየተገላበጠች… በቃ። ማየት አልፈልግም።

እሁድ፣ የካቲት 23

«ባለዘርፏ እንዴት ናት?» አለችኝ ልጄ። ስሙን ከኔ ለምዳዋለች።

«ትፈካለች!»

መጋረጃውን ከገለጥኩ ስንት ቀን ሆነኝ? ሽሪምፑን በጎን አሾልኬ ነው የምጥልላት። ምን ልበላት ታዲያ?

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ረጅሙ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ መጋረጃውን ገለጠ፣ ቆመ።

ባለዘርፏ ነጭ ሆናለች። ያ ወይን ጠጅ ከፈይ የለም። ዘርፏ ተሰብስቦ፣ ሰውነቷ ሟሽሾ፣ እንደ ታጠበ አሮጌ ካልሲ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ሐምራዊው ጠብታ ብቻ ነው የቀረው።

«እማማ፣ ብርሃን ከለከሏት?»

«እንስሳ ነው አላላችሁኝም? ቀለቧን አልነሣኋት!»

አልጮኸብኝም። ሥጋዋ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ትናንሽ ዕፅዋት ይኖራሉ አለኝ። እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ከሠሩት ያካፍሏታል፣ መልኳም ግማሹ የነሱ ነው። ጨለማ ሲበዛባት፣ ወይም ሙቀት ሲያይልባት፣ እነሱ ይወጡና እሷ ነጥታ ትቀራለች። ወዲያው አትሞትም። ቀስ ብላ ትራባለች።

መብራቱን ቀስ በቀስ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ እንድናበራላት አስተካከለው። ዓሣዋ ያንን የሟሸሸ ዘርፍ በአፏ እየነካካች፣ በክንፎቿ እያናፈሰች ትዞራታለች።

ምናለ ቢጮህብኝ! የሚጮህ ሰው መልስ አለኝ። ይሄን ዝም ብሎ ውሃ የሚቀዳ ሰው ምን አደርገዋለሁ? ማንስ ነገረኝ ውስጧ ዕፅዋት እንዳለ? አንድ ሰው እንኳ «ብርሃኑ ቀለቧ ነው» ብሎኛል? ልጄ «ጠዋት አብሪ፣ ማታ አጥፊ» ነው ያለችኝ።

አዎ፣ ብላኛለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ጠዋት ድንጋዩ ላይ የለችም! ጮኼ ረጅሙ ጋ ደወልኩ። «ወጥታለች፣ ፈሳለች፣ እንጃ!» ስል እሱ ይስቃል። ከማጣሪያው ኋላ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ለካ ትራመዳለች። በታች በኩል ባለው ሶል በመሰለ ሥጋዋ እየተሳበች፣ ያልተመቻትን ቦታ ትለቅቃለች። ብርሃን ፍለጋ ነው አለኝ።

አጥንት የሌላት፣ አንጎል የሌላት፣ በረሃብ የነጣች ፍጥረት ተነሥታ ስትሄድ፣ የኔ ልጅ…

ሥራ አለብኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

የግራ አውራ ጣቷ ተንቀሳቀሰ!! ሐኪሟ «አሁን» ስትላት ተንቀሳቀሰ። ደግሞ «አሁን» አለቻት፣ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ነበር፣ እጄ ላይ ምልክቱ አለ።

«ትሄጂያለሽ» አለቻት ሐኪሟ። «በምርኩዝ፣ ቀስ እያልሽ፤ ግን ትሄጂያለሽ። ጥልቅ ውሃ ግን ከእንግዲህ የለም። አንዴ እንዲህ የተመታ አከርካሪ ሁለተኛ አይፈተንም።»

ተመስገን አልኩ። ጮክ ብዬ። እጄን ወደ ላይ አንሥቼ። ዞሬ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ምን አጠፋሁ? ልጄ ከሞት ተርፋ፣ ልትሄድ ነው ተብሎ፣ ዳግመኛ ያንን አውሬ ውሃ አትገባም ተብሎ ተመስገን ማለት ኃጢአት ነው?

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ረጅሙን አባረርኩት።

ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ባሕር ውሃ የሞላ ጀሪካን ጎኑ አለ፤ በሩን ግን አላንኳኳም። የሆዴን በሆዴ ይዤ ስንት ጊዜ ልዝለቅ?

«ሦስተኛውን ማን ነው የላካት?» አልኩት።

ጉልበቱን አቅፎ፣ ያንን ቁመቱን ሁሉ አጥፎ ነገረኝ። ኃላፊው ነው። በማግስቱ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ አዳራሹ የሚታይ ነገር ያስፈልገዋል፣ ተጨማሪ አኔሞኒ አምጡ ብሎ። ልጄ «ለዛሬ ይበቃናል» ብላለች። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ በፍጥነት» ተባለች። ተራው የሱ የረጅሙ ነበር። ጆሮውን ታሞ መጥለቅ አልቻለም፤ እሷ «አንተ ቆይ፣ እኔ ወርጄ እመለሳለሁ» አለችው። ታች ስትደርስ አኔሞኒዋ፣ ይቺው ባለዘርፏ፣ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ተሰበሰበችባት። ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነበር። እሷ ግን ሳትጎዳ ላውጣት ብላ በጣቷ እየፈለቀቀች ቆየች፤ አየሯም አለቀ።

«ኃላፊው ‹ራሷ ወረደች በል› ብሎኛል» አለኝ።

«አንተስ ምን አልከው?»

«እስካሁን ምንም።»

ምንም! ልጄ በሱ ተራ ወርዳ፣ እሱ ምንም! «ውጣ ከዚህ! ውሃህንም ይዘህ ውጣ!» አልኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ወረደ። ጀሪካኑን ግን ትቶት ሄደ።

እሁድ፣ መጋቢት 14

ሁሉንም ለልጄ ነገርኳት። ረጅሙን ማባረሬንም፣ የባለዘርፏን መንጣትም፣ መጋረጃውንም። ከመናገሬ በፊት እጄን ሦስቴ ታጥቤ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ተቆጣች፣ ግን ባሰብኩት አይደለም።

«እማዬ፣ አሥር ዓመት እዚያ ስሠራ፣ ምን እንደማይ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ስትመጪ ርቦሻል ወይ እልሽ የለ!»

«ርቦሻል ወይ ትይኛለሽ። በርዶሻል ወይ ትይኛለሽ። ምን አየሽ ብለሽኝ አታውቂም።»

«ፈርቼ ነዋ!» አልኳት። ይሄ ቃል ከየት እንደወጣ አላውቅም። ደግሞ እውነትም አይደለም፤ የምናደድ እንጂ የምፈራ ሰው አይደለሁም።

ትራሷን አስተካከልኩላት። ከዚያ «እሺ፣ ምን አየሽ?» አልኳት።

ነገረችኝ። ብርሃን እየሳሳ በሚሄድበት ጥልቀት፣ ከኮረብታ ጎን እንደሚወርድ ሜዳ፣ ሙሉው ተዳፋት ባለዘርፍ ነው። አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ የእሳት ጫፍ የመሰለ። ማዕበሉ ከላይ ሲያልፍ ሁሉም ባንዴ ያጎነብሳሉ፣ ባንዴ ይነሣሉ። ከመካከላቸው የሰው ዕድሜ ያህል እዚያው ድንጋይ ላይ የኖሩ ሊኖሩ ይችላሉ። እርጅና ሲገድላቸው ብዙም አልታየም፤ የሚገድላቸው ሌላ ነገር ነው፤ የሚበላቸው፣ የሚሞቅ ውሃ፣ የሰው እጅ። «የመጀመሪያ ቀን ጭምብሌ ውስጥ አለቀስኩ» አለች። «ከእንግዲህ አላየውም። አንቺ ደግሞ ተመስገን አልሽ።»

ሳልከራከር ቦርሳዬን አነሣሁ። እኔ!

ስወጣ ጠራችኝ። «ረጅሙን ተይው። በየማታው ይደውልልኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አናወራም።»

ለካ ልበ ድንጋዩ እኔን የማይጠይቀኝ ለዚህ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

የባለዘርፏን ውሃ በጀሪካኑ ቀየርኩላት። ወለሉ ሁሉ ራሰ፣ የደንበኛ ጨርቅ ተበላሸ። ልጄ በስልክ «ቀስ፣ ቀስ» ትለኛለች። አደጋውን የሚያጣራው የተቋሙ ኮሚቴ ማክሰኞ ይሰበሰባል። ቤተሰብ አይገባም አሉ። እናያለን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ተቋሙ ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝ። ፊት ለፊቴ ግድግዳውን የሞላ ፎቶ፣ ያ ልጄ የነገረችኝ ተዳፋት። ያነሣችው እሷ ናት፤ ቤት ውስጥ ትንሹን አይቼዋለሁ። ከሥሩ የተጻፈው ግን የኃላፊው ስም ነው።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው፣ ኃላፊው፣ ከጥግ ደግሞ ረጅሙ። ኃላፊው «ችኩልነት ነው ያሳዘነኝ» እያለ ነበር።

«እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ» አልኩ። «ጨርቅ ሳይለካ የሚቀድ ሰው አይቻለሁ። ቀዶ ሲያበቃ መቀሱን የሚከስ ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «እናቴ፣ ይገባናል፤ ግን ሥርዓቱ አይፈቅድም። እባክዎ ውጭ ይጠብቁን።» በትሕትና ነው ያለችኝ። በትሕትና መባረር እንዴት ያናድዳል! ሌላ ልል ያሰብኩት ብዙ ነበር። ዞርኩ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ራሷ አልወረደችም» አለ ረጅሙ። «ተራው የኔ ነበር። ጆሮዬን ታምሜያለሁ፣ እሷ ደግሞ ሁለቴ ወርዳለች፣ ለዛሬ ይብቃ አልናቸው። እሳቸው ‹አዳራሹ ባዶ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ› አሉን። ጀልባ ነጂውም ሰምቷል፣ ጠይቁት። በራሷ አልወረደችም። ተልካ ነው።»

«ይሄን ለምን ቀድመህ አልተናገርክም?» አለችው ሰብሳቢዋ።

«ፈርቼ» አለ። እንደዚያው፣ አንዲት ቃል ብቻ። ይሄን ያህል የሚቀል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ውሳኔው መጣ። ልጄ ጥፋት የለባትም። ሕክምናዋ እስኪያልቅ በተቋሙ ነው። ኃላፊው «ወደፊት እንዲጠነቀቅ» ተነግሮታል። እንዲጠነቀቅ! ብርጭቆ የሰበረ ልጅ እንኳ ከዚህ የባሰ ይቀጣል። ረጅሙ ግን ውሉ አይታደስም ተባለ። እውነት የተናገረው ከነጓዙ ወጣ፣ የዋሸው ወንበሩ ላይ ቀረ። ይሄን ፍርድ የሚሉት ከሆነ እኔ መቀሴን ይዤ ዳኛ እሆናለሁ።

ሲመሽ በሩ ተንኳኳ። ረጅሙ ነው፣ ጀሪካን ተሸክሞ።

«ሥራ አጥተህ ውሃ ታመላልሳለህ?»

«ባለዘርፏ አልተባረረችም» አለኝ።

ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እንዴት እንደሚጀመርም አላውቀው። እራት አቀረብኩለት፣ በላ። የሱሪው ጠርዝ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶ ቁምጣ መስሏል። አስወልቄ፣ የውስጡን ትርፍ አውርጄ ሰፋሁለት። እሱ በፎጣዬ ተጠቅልሎ ሣጥኑን እያየ፣ «እዩ እማማ፣ ሥሯ ላይ ቡናማ እየጀመራት ነው» አለኝ። ዕፅዋቱ እየተመለሱ ነው ማለት ነው። እኔ አልታየኝም። እሱ ታየኝ ካለ ይሁን።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ልጄ ቤቷ ገባች! ደረጃውን በሁለት ምርኩዝ ወጣች፤ እኔ ከኋላዋ እጄን ዘርግቼ እንደ ዶሮ፣ ረጅሙ ከፊቷ የኋሊት እየወጣ። «ሁለታችሁም ዞር በሉልኝ!» እያለች ነው የወጣችው። ቁጣዋ የኔ ነው፣ ደስ አለኝ።

ተቋሙ ሥራ ሰጥቻታለሁ ብሏል። እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀምጣ ጎብኚ ማስተናገድ። ኃላፊው ደውሎ «ለጤናዋ አስበን ነው» አለኝ። «ለጤናዋ ያኔ አስበህ ቢሆን» ብዬ ዘጋሁበት። እሷ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። አዎም እምቢም አላለችም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ጠዋት ባለዘርፏ ለሁለት ተቀድዳ አየኋት! ከመሃል ተስባ ተስባ፣ እንደ ተተረተረ ጨርቅ። «ሞተች! ሞተች!» ብዬ ጮኽኩ። ልጄ ከመኝታ ቤት መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ሳቀች።

«አልሞተችም፤ ሁለት ሆናለች። እንዲህም ይባዛሉ። ሲመቻቸውም ያደርጉታል፣ ሲጨንቃቸውም።»

«የትኛዋ ናት እናትየዋ?»

«እናትና ልጅ የለም። ሁለቱም ራሷ ናቸው።»

እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። እናት እናት ናት፣ ልጅም ልጅ። ዓሣዋም ግራ ገብቷት ካንዷ ወደ አንዷ ትመላለሳለች።

ይሄን ስንከራከር ነው ያስተዋልኩት፤ ልጄ የመጣችው በአንድ ምርኩዝ ነው። ሌላውን አልጋው ላይ ረስታዋለች። አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት ትወድቃለች ብዬ።

እሁድ፣ ግንቦት 3

የመቀበያውን ሥራ እምቢ አለች። ዳርቻው ላይ ባሉት አለቶች መካከል፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባለዘርፎች አሉ፤ እነሱን አጠናለሁ ብላ ከሌላ የምርምር ጣቢያ ጋር ተስማማች። ረጅሙንም እዚያው አስገብታዋለች። ለኔ የነገሩኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተናድጄ ከረምኩ። ከአንድ ውሃ ወጥቶ ሌላ ውሃ! ሐኪሟ ደግሞ ዋና ይፈቀድላታል፣ እንዲያውም ይጠቅማታል አለች። ሁሉም ተማክረውብኛል።

ዛሬ ይዘውኝ ሄዱ። ፎጣ ይዤ ዳር ቆምኩ። ማዕበሉ ሸሽቶ ነበር። አለቱ ላይ ያሉት ባለዘርፎች ውሃ ሲለያቸው ተሰብስበው እንደ ካፖርት ቁልፍ ድብልብል ብለዋል። ውሃው መለስ ሲልባቸው ደግሞ አንድ በአንድ ይፈታሉ። ጎንበስ ብዬ አየኋቸው፤ እንደዋዛ።

ልጄ ምርኩዟን አሸዋው ላይ ጣለች። በረጅሙ ክንድ ተደግፋ፣ እግሯን እየጎተተች ገባች። በእያንዳንዱ እርምጃ ከንፈሯን ትነክሳለች። ውሃው ጉልበቷን አለፈ። ወገቧን አለፈ። «ይበቃል!» ብዬ ጮኽኩ። ደረቷ ጋ ሲደርስ የረጅሙን ክንድ ለቀቀችው።

«ያዛት!» አልኩት።

አልወደቀችም። ውሃው ተሸከማት። እነዚያ ሐኪም የሚለማመጣቸው፣ እኔ ማታ ማታ በዘይት የማሻቸው እግሮች፣ እየተገለጡ እየተከደኑ ወሰዷት። ዞረች። በጀርባዋ ተንሳፈፈች። እንደገና ዞረች። ሦስት ወር ሙሉ ልጄን እንዲህ ቀልሏት አላየኋትም። ኧረ ከዚያም በፊት አላየኋትም፤ መቼ መጥቼ አይቻት አውቃለሁና!

ተናደድኩ። እኔ ሌሊት ቀን ተሸክሜ፣ ደግፌ፣ አሽቼ ያልሰጠኋትን ይሄ እግሯን የነሣት ውሃ ያለምንም ድካም ይሰጣታል። ፎጣውን ጨምድጄ ጠመዘዝኩት። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ መቼ ወደፊት እንደሄድኩ አላውቅም።

«ውጪ! ይበርድሻል!» አልኳት።

«ትንሽ ቆይ እማዬ!»

ቆየሁ።